ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ውሃ ስለ መከልከል

ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ብዙ እናቶች መጠጡን ይቀንሱበታል፤ አንዳንዶችም ፈጽመው ይከለክሉታል። ምክንያታቸው ላይ ላዩን ሲታይ የቀና ይመስላል፤ ይኸውም የጠጣው ሁሉ ወዲያው ተመልሶ ከወጣ፥ ማጠጣት በሽታውን ማባባስ ነው ብለው ያስባሉ። ነገር ግን ሕፃኑን ብዙ ጊዜ ለሞት የሚያደርሰው የተቅማጡ መውጣት ሳይሆን፥ ከተቅማጡ ጋራ የሰውነቱ ውሃና ጨው ተሟጦ ማለቁ ነው። ስለዚህ ውሃ የሚከለክል ሰው ሳያውቅ የበሽታው ረዳት ይሆናል።

ይህን ልማድ «አጠጪ» በሚል ትእዛዝ ብቻ ማስወገድ አይቻልም፤ ምክንያቱም አብሮ መነገር አለበት ብለን እናምናለን። ምክንያቱ ያለውም በዐይን በማይታየው ሕዋስ ላይ ነው።

የሰው አካል የተሠራው ከጥቃቅን ሕዋሳት ሲሆን፥ እያንዳንዱ ሕዋስ በስስ የስብ ገለፈት ተከቧል። ይህ ገለፈት እንደ ግንብ ሁሉን አይከለክልም፤ እንደ ወንፊትም ሁሉን አያሳልፍም። የምንተነፍሰው ኦክሲጅን በቀላሉ ያልፍበታል። ጨውና ስኳር ግን በስብ ውስጥ ማለፍ ስለማይሆንላቸው፥ ለየራሳቸው የተሠራ በር ያስፈልጋቸዋል። ውሃም ጨውና ስኳር ወደ በዛበት ወገን ያዘነብላል። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ከማድ ቤት መውጣት አያሻም፤ ለቋንጣ የተዘለዘለ ሥጋ ጨው ሲነሰነስበት ውሃው ወደ ውጭ መውጣቱን ሁሉም ያውቃል።

በትንሹ አንጀት ሕዋሳት ላይ አንድ ልዩ በር አለ። ሶዲየም የተባለው የጨው ክፍል ብቻውን ቢመጣ በዚህ በር አይገባም፤ ግሉኮስ የተባለውም ስኳር ብቻውን አይገባም። ሁለት ሶዲየም አንድ ግሉኮስ ይዘው ሲቀርቡ ግን በሩ ይከፈትላቸዋል፤ ውሃም ተከትሏቸው ይገባል። ይህን አሠራር አሜሪካዊው ሊቅ ዶክተር ሮበርት ክሬን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. በፕራግ ከተማ በተደረገ ስብሰባ ላይ ገለጹ።

ነገሩ ለበሽተኛው የጠቀመው እንዲህ ነው። የኮሌራ መርዝ ሕዋሱን አስገድዶ ጨው ወደ አንጀት እንዲያፈስ ያደርገዋል፤ ውሃም ጨውን ተከትሎ ይወጣል። ሆኖም መርዙ ጨውና ስኳር ተባብረው የሚገቡበትን በር አይዘጋም። በ1968 ዓ.ም. ዶክተር ዴቪድ ናሊንና ዶክተር ሪቻርድ ካሽ በዳካ ከተማ፥ የኮሌራ በሽተኞች ስኳርና ጨው በልክ የተቀላቀለበትን ውሃ በመጠጣት እንደሚድኑ አሳዩ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ በሕንድ አገር በቦንጋኦን በነበረው የስደተኞች መጠለያ በደም ሥር የሚሰጠው ውሃ ባለቀ ጊዜ፥ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ይህንኑ መጠጥ ለሕዝቡ አደሉ። ቀድሞ ከመቶው ወደ 30 ይደርስ የነበረው ሞት ወደ 4 ገደማ ወረደ።

እንዲህ ያለው መድኀኒት ዛሬ በየጤና ኬላው «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» ወይም ኦ.አር.ኤስ. ተብሎ ሲሰጥ፥ በየቤቱ የሚናቅበት ምክንያት ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ርካሽነቱ ነው፤ ሰው መርፌን ያከብራል፥ ዱቄትን ይንቃል። ሁለተኛው ተቅማጡን በዕለቱ አለማቆሙ ነው፤ እናት ተቅማጡ ሲቀጥል ባየች ጊዜ መድኀኒቱ አልሠራም ብላ ትጥለዋለች። ሥራው የወጣውን ውሃ መተካት መሆኑን ብታውቅ ግን አትጥለውም ነበር።

ምክንያቱን ያወቀ ሰው ልኩንም ይጠብቃል። የአንድ ሊትሩ ከረጢት የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ከረጢቱ በታጣ ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፥ ሁለቱም ልሙጥ ሆነው፥ ይበጠበጣሉ። ስኳር ቢበዛ፥ ልክ እንደ ቋንጣው ጨው፥ ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፤ የለስላሳ መጠጥ የማይመከረውም ስለዚህ ነው። ጨው ቢበዛ ደግሞ ሕፃኑን ይጎዳዋል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቈይ። ጡት አይቋረጥ፤ ጤና ባለሙያ የሚያዘውም ዚንክ አብሮ ይሰጥ። ሕፃኑ መጠጣት ካቃተው፥ ዐይኑ ከጐደጐደ፥ ከደከመ ወይም ደም ከቀላቀለ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

እጅን በሳሙና መታጠብና መጸዳጃን መጠበቅ ይቀድማል የሚለን ቢኖር እውነቱን ነው፤ በሽታው ከገባ በኋላ ግን የታጠበ እጅ የፈሰሰውን ውሃ አይመልስም።

ክቡራን መምህራን ሆይ፥ ተማሪው ስለ ሕዋስ ገለፈት ለፈተና አጥንቶ፥ ታናሽ ወንድሙ በተቅማጥ ሲደክም ቆሞ የሚያይ ከሆነ ትምህርቱ ከደብተር አልወጣም ማለት ነው። ስለዚህ ትምህርቱን በሰሌዳው ላይ ሥላችሁ ስታበቁ፥ ሊትሩንና ማንኪያውን ወደ ክፍል አምጡ፤ ልጆቹ ራሳቸው ለክተው ይበጥብጡ፥ የተማሩትንም ለእናቶቻቸው ይንገሩ።