ልጁን ማሰሮ ያደረገ ንጉሥ

በዚህ ዐምድ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንጽፍላችሁ ቆይተናል። ዛሬ ግን ልጆቻችን ማታ ማታ ከኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው ስለሚዞሩበት ስለ አንድ የወደቀ መንግሥት ልንተርክላችሁ ወደድን። መንግሥቱ በምድር ላይ የለም፤ በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ የተፈጠረ ነው። እኛም አስቀድመን ነገሩን ከንቱ የጊዜ ማሳለፊያ አድርገን ንቀነው ነበር። ነገር ግን በቤታችን ያለው ብላቴና አንድ ማታ ጨዋታውን አቋርጦ፥ «ጋሼ፥ ይህ ንጉሥ ልጁን ይወደው ነበርን?» ብሎ ቢጠይቀን መልስ ስላጣን፥ ከአጠገቡ ተቀምጠን ታሪኩን ከሥሩ ለመረዳት ተገደድን።

የጨዋታው ስም ሆሎው ናይት ይባላል፤ ወደ ቋንቋችን ቢመለስ ባዶው ጦረኛ እንደ ማለት ነው። የሠሩት ሰዎች በአውስትራልያ አገር በአደላይድ ከተማ የሚኖሩ፥ ማኅበራቸውን ቲም ቼሪ ብለው የሰየሙ ጥቂት ባለሙያዎች ሲሆኑ፥ መሥራቾቹ አሪ ጊብሰንና ዊልያም ፔለን ናቸው። በ2007 ዓ.ም. ለሥራው የሚሆን 57 ሺህ የሚያህል የአውስትራልያ ዶላር ከሕዝብ በመዋጮ ሰብስበው፥ በየካቲት ወር 2009 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ2017) ጨዋታውን አወጡት።

በዚያ ዓለም ሰው የሚባል ፍጡር የለም። ንጉሡም ወታደሩም ነጋዴውም ጢንዚዛ፥ ሸረሪት፥ ንብ፥ የእሳት ራትና የመሳሰሉት ናቸው። ተጫዋቹ አንድ ትንሽ ዝምተኛ ጦረኛ ሆኖ ደርትማውዝ ወደምትባል መንደር ሲደርስ የሚቀበለው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው፤ የቀሩት በመንደሩ ጕድጓድ ወርደው በዚያው ቀርተዋል። ከጕድጓዱም በታች ሃሎውኔስት የተባለው መንግሥት ፈርሶ ይገኛል። ታሪኩን አንድም ሰው ተቀምጦ አይተርክለትም፤ በድንጋይ ላይ ከተጻፈው፥ ከሐውልቱና ከሞት ከተረፉት ጥቂቶች አፍ እየለቀመ ራሱ ይገጣጥመዋል። በዚህ መካከል ኮርኒፈር የሚባል ካርታ ሠሪ አለ፤ እርሱ በየዋሻው እያንጐራጐረ ሲዞር፥ ሚስቱ ኢዜልዳ በመንደሩ ሱቅ ከፍታ ካርታ ትሸጣለች። ባላቸው መንገድ የሚወድ እመቤቶች ይህችን ሴት ቢያገኟት ብዙ የሚጫወቱት ነገር ይኖራቸው ነበር።

ወደ ታሪኩ እንመለስ፤ ስሞቹንም በቋንቋችን እንጠራቸዋለን። በዚያ ምድር የእሳት ራቶች ጸዳል የምትባለውን የብርሃን አምላክ ያመልኩ ነበር። በኋላ ግን ዘንዶ የመሰለ እጅግ ግዙፍ ፍጡር መጥቶ በአገሩ ዳርቻ ሞተ፤ ከሬሳውም በትንሽ አካል ዳግመኛ ተወልዶ ነጩ ንጉሥ ተባለ። ይህም ንጉሥ እንደ አውሬ ይኖሩ ለነበሩት ነፍሳት አእምሮን ስለ ሰጣቸው ብዙዎች ተከተሉት፤ የእሳት ራቶቹም የጥንቷን አምላካቸውን ትተው ለእርሱ ሰገዱ። ንጉሡ ከተሞችን አሠራ። ከነዚህም አንዲቱ የእንባ ከተማ ትባላለች፤ በላይዋ ያለው ሐይቅ በዋሻው ጣራ እየሰረገ ስለሚወርድባት ዝናቡ አያባራም። ሕዝቡን ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚያመላልሱ ታላላቅ ጢንዚዛዎችም ነበሩ፤ ዛሬ ከነዚያ ሁሉ ተሳፋሪውን የሚጠብቅ አንድ አረጋዊ ብቻ ቀርቷል። መንግሥቱ ዘላለማዊ መሆኑ በድንጋይ ላይ ተጽፎ ነበር።

የተረሳችው ጸዳል ግን አልሞተችም። በተራራ ጫፍ ላይ ሐውልቷ ቆሞ ስለ ቀረ፥ እርሷም በሕዝቡ ሕልም ውስጥ ገባች። የሃሎውኔስት ሰዎች (ሰዎች ብንላቸው አይፈረድብን) በመጀመሪያ ከባድ እንቅልፍ ያዛቸው፤ ቀጥሎም አእምሮአቸውን አጥተው እርስ በርሳቸው ተፋጁ፤ ሬሳቸው እንኳ ተነሥቶ የሚሄድ ሆነ።

ንጉሡ ለዚህ ደዌ ያገኘው መድኃኒት ለመስማት የሚከብድ ነው። ሕልም የሌለው ፍጡር ቢገኝ ጸዳልን በውስጡ አሥሮ ማስቀመጥ ይቻላል ብሎ አሰበ። ስለዚህም ከሚስቱ ከነጪቱ እመቤት የተወለዱትን ልጆቹን በምድር ጥልቅ ካለው ጽልመት ጋር ቀላቅሎ ባዶ ማሰሮዎች ሆነው እንዲወለዱ አደረገ። ከቍጥር የበዙት ልጆች በዚያው በጥልቁ አለቁ፤ የፊታቸው ቅርፊት እንደ ገለባ ተከምሮ ይታያል። ከጥልቁ የወጣው አንዱ ብቻ ተመርጦ በቤተ መንግሥት አደገ፤ ባዶው ጦረኛ የተባለውም እርሱ ነው። እርሱን በሰንሰለት አሥረው፥ ማኅተም ይሆኑ ዘንድ ሦስት ታላላቆች ለዘላለም እንዲተኙ ተደረገ። ከነዚህ አንዷ የሸረሪቶች ንግሥት ሄራ ናት፤ እርሷም የእንቅልፏን ዋጋ ከንጉሡ አንዲት ልጅ መውለድ ብላ ተደራደረች። ልጅቱ ሆርኔት ትባላለች፤ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ሲልክሶንግ በሚል ስም የወጣው ሁለተኛው ጨዋታ የእርሷ ታሪክ ነው።

ማሰሮው ግን ተሰነጠቀ፤ ደዌውም ተመልሶ መንግሥቱን አጠፋ። ለምን እንደ ተሰነጠቀ የሚያስረዳ አንድ አጭር ትዕይንት አለ፤ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ እጅግ አስቸጋሪውን መንገድ ያለፈ ተጫዋች ብቻ ያየዋል። ንጉሡና ልጁ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ቃል አይነጋገሩም፤ አንዱ ወደ ሌላው ዘወር ብሎ ይመለከታል። ይኸው ነው። ልጁ ባዶ አልነበረም፤ አባቱን አውቆት ነበር። እኛ ንጉሡን ለመውቀስ ቸኩለን ነበር፤ ይህን ካየን በኋላ ግን ወቀሳችን ከበደ እንጂ አልቀለለም። ያልወደደ ቢሆን ኖሮ ጨካኝ ብለን በተውነው፤ ወድዶ ሳለ አሳልፎ መስጠቱ የባሰ ነው። እርሱም በመጨረሻ በዙፋኑ ላይ ሞቶ ይገኛል። እናቲቱ ደግሞ ዳግመኛ እንዳትወልድ በገዛ ፈቃዷ ራሷን አሥራ በአትክልት ቦታዋ ተቀምጣለች።

ብላቴናው ያን ጥያቄ የጠየቀን ግን ሌላ ስፍራ ላይ ነው። በጥልቁ ውስጥ የቀድሞው ነገር እንደ ትዝታ ሲታይ፥ የተመረጠው ልጅ ከላይ ወጥቶ ቆሟል፤ አንድ ትንሽ ወንድሙ በድንጋዩ ጫፍ ተንጠልጥሎ ወደ እርሱ ይመለከታል። ታላቁ አየው፤ ከዚያም ፊቱን መልሶ አባቱን ተከተለ፤ ትንሹም ወደቀ። ይህ የወደቀው ትንሽ ልጅ ተጫዋቹ ራሱ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሚመራው ዝምተኛ ጦረኛ ማን እንደ ሆነ አያውቅም ነበር።

ሌሊቱ ስለ ገፋ ሂድና ተኛ ብንለው፥ «ጥቂት ቆዩ፤ ወንድሙ ከታሠረበት ሳልደርስ አልተኛም» አለን። እኛም ወንበራችንን አስጠግተን ተቀመጥን።