የፎቆቹ ፍርስራሽ ወዴት ይሄዳል?

የቪክቶሪያ መንግሥት 44ቱን የኮሚሽን ፎቆች እስከ 2051 እ.ኤ.አ. አፍርሶ በአዲስ እንደሚተካ በ2023 አስታውቋል፤ የኮሊንግዉዶቹም አሉበት። ማፍረስ ይገባል አይገባም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ ለዛሬ ይቆየን። «በፍርስራሽ የተሠራ ቤት ሊሰጡን ነው» እያሉ የሚያጉረመርሙ ወገኖች ግን ተሳስተዋል። አሮጌ ኮንክሪት ብረቱ ወጥቶለት ሲፈጭና ሲነፋ ጠጠር ነው። የተጣበቀበት ስሚንቶ ውኃ ስለሚጠጣ ቀድሞ ማርጠብ ያሻዋል እንጂ፣ ከጠጠሩ 30 በመቶ ያህሉ በእሱ ቢተካ ጥንካሬው እምብዛም አይጎድልም። የሚያስቆጨውስ በሜልበርን አብዛኛው የተፈጨ ኮንክሪት ከአስፋልት ሥር መነጠፉ፣ ለቤት የሚሆነው ጠጠር ግን ከድንጋይ ካባ በአዲስ መቆፈሩ ነው። ስብሰባ ሲጠሩዎ ስለ ወጥ ቤቱ ቀለም ብቻ አይጠይቁ፤ ከፈረሰው ቤታችን ስንት በመቶው ወደ አዲሱ ግድግዳ እንደሚገባ በውሉ ላይ ተጽፎ ያሳዩን ይበሏቸው።