የሳንዱቁ ማዕዘንና የመጋዙ ጥርስ

የወታደር ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ከአንድ የጦር ሰፈር ወደ ሌላው በተዛወረ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈተነው ሳንዱቁ ነው። በጭነት መኪና ላይ ይወረወራል፤ ከላዩ ፍራሽና በርሜል ይደረብበታል፤ በመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ ሲዘል ይውላል። ያን ጊዜ የሚከዳው ጣውላው አይደለም፤ ማዕዘኑ ነው። ሚስማሩ ይላላል፣ ጎኑ ይከፈታል፣ የሠርግ ቀሚስና የልጆች የልደት ወረቀት በአስፋልቱ ላይ ይዘረገፋል። ስለሆነም በዛሬው የቤተሰብ ዐምዳችን ማዕዘኑ ጣት በጣት የሚቆላለፍ ሳንዱቅ እዚሁ ጅቡቲ ከተማ በገዛ እጁ ለመሥራት የሚያስብ አንባቢ የትኛውን የመጋዝ ምላጭ ቢመርጥ እንደሚበጀው ልናወሳ ወደድን።

ይህን አገጣጠም ብዙዎቹ የሠራዊቱ አባላት በዓይናቸው አይተውታል ለማለት እንደፍራለን። በልዩ ልዩ አገሮች ከተሠሩት የእንጨት የጥይት ሳጥኖች መካከል ማዕዘናቸው በዚህ ዓይነት የተጋጠመ አሉና። የሁለት እጅን ጣቶች እንደ ማቆላለፍ ነው። በአንደኛው ጣውላ ጫፍ ጣትና ክፍተት እየተፈራረቁ ይቆረጣሉ፤ በሁለተኛው ላይ ደግሞ በጣቱ አንጻር ክፍተት፣ በክፍተቱ አንጻር ጣት ይወጣለታል።

ጥቅሙን በቁጥር ማየት ይቻላል። ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 24 ሴንቲ ሜትር የሆነ ማዕዘን እናስብ። ሁለቱን ጣውላዎች ገጭ አድርገን በኮላ ብቻ ብናያይዛቸው ኮላው የሚያገኘው ገጽ 29 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እርሱም ቢሆን በአንድ ወገን ኮላውን እንደ ገለባ መጥጦ የሚጨርስ የጣውላ ጫፍ ነው። ያንኑ ማዕዘን ስፋታቸው 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ጣቶች ብናቆላልፈው ከሁለቱም ጣውላ በድምሩ 40 ጣቶች ይሰለፋሉ፤ በመካከላቸው 39 የመገናኛ ገጾች ይፈጠራሉ፤ ስፋታቸውም ተደምሮ 56 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከሁሉም በላይ እነዚህ ገጾች ኮላ አጥብቆ የሚይዝበት የእንጨቱ ጎን እንጂ ጫፉ አይደሉም። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው ጣቱ ክፍተቱን ሞልቶ፣ ክፍተቱም እስከ ወለሉ ድረስ ደልዳላ ሆኖ ሲገኝ ነው። የምላጩ ነገር የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው።

በሱቅ ከሚሰቀሉት ክብ ምላጮች፣ በተለምዶ ዲስክ ከምንላቸው፣ የሚበዙት ጥርሳቸው ተራ በተራ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ተዳፍቶ የተሳለ ነው። እንዲህ ያለው ጥርስ ጫፉ እንደ ቢላዋ ሹል ስለሆነ እንጨትን በአግድም ለመቁረጥና ለኮምፔንሳቶ እጅግ መልካም ነው። ለሳንዱቅ ጣት ግን አይሆንም። የሚቆርጠው ቦይ ወለሉ በግራና በቀኝ ጠርዝ ጠለቅ ብሎ፣ በመካከሉ እንደ ጉብታ ይነሣል። የሚገባው ጣት በጉብታው ላይ ያርፋል፤ ከሥሩ ባዶ ይቀራል፤ ከውጭም በእያንዳንዱ ጣት ሥር ትንንሽ ቀዳዳ ይታያል። አርባ ጊዜ ሲደጋገም መልኩም ጥንካሬውም ይጐዳል።

የሚፈለገው ጥርሱ ሁሉ አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ እንደ መሮ አፍ ቀጥ ብሎ የተሳለ ዲስክ ነው። ይህ በመሠረቱ ጣውላን በቁመቱ ለመሰንጠቅ የተበጀ ምላጭ ሲሆን ዲያሜትሩ 250 ሚሊ ሜትር ከሆነ 24 ያህል ጥርስ ይበቃዋል። ባለሱቁ ባለ 80 ጥርሱን አንሥቶ «ይህ የበለጠ ይጠርጋል» ቢል አያሳስታችሁ። የጥርሱን ብዛት ሳይሆን የጥርሱን አናት እዩ። በአውሮፓ በተሠሩ ዲስኮች ላይ «ኤፍ ዜድ» የሚለው ምልክት ጠፍጣፋ ጥርስን፣ «ደብልዩ ዜድ» የሚለው ደግሞ ተለዋዋጭ ጥርስን ያመለክታል። ምልክት ከሌለው ዲስኩን በዓይን ትክክል አንሥቶ የጥርሶቹን አናት ከብርሃን ጋር ማየት ይበቃል። ቤት የተቀመጠ ዲስክ ካለ ደግሞ በቁራጭ እንጨት ላይ አንድ ቦይ ቆርጣችሁ ወለሉን ተመልከቱ፤ ምላጩ ራሱ ይናገራል።

በዲስኩ ላይ የሚነበቡት ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ ሦስት ናቸው፤ ለምሳሌ 250፣ 3.2፣ 30። የመጀመሪያው ዲያሜትሩ፣ ሁለተኛው የሚከፍተው ቦይ ስፋት፣ ሦስተኛው የመሀል ቀዳዳው ነው፤ ሁሉም በሚሊ ሜትር ነው። ለእኛ ዋናው ሁለተኛው ነው። በ3.2 ምላጭ የ6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ለማውጣት አንድ ጊዜ ከቆረጡ በኋላ ጣውላውን 2.8 ሚሊ ሜትር አሻግሮ ደግሞ መቁረጥ ነው። ቀዳዳውን በሚመለከት የአውሮፓ ማሽኖች በአብዛኛው ባለ 30፣ የአሜሪካዎቹ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ናቸው። ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ መሣሪያ በርካሽ አገኘሁ የሚል ካለ ቮልቱንም ይመልከት፤ የዚህ ከተማ መብራት 220 ቮልት ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ ከኢትዮጵያ ተሻግሮ የሚመጣውም ኃይል ለቤት የሚደርሰው በዚሁ ልክ ነው።

ሁለት ዲስኮች ግራና ቀኝ ሆነው በመካከላቸው ጠራቢ ቁራጮች የሚደረደሩበት፣ ሰፊውን ክፍተት በአንድ ጊዜ የሚያወጣ ተደራራቢ ምላጭም አለ። በአሜሪካ አናጢዎች ዘንድ የተወደደ ነው፤ ሥራውም ያማረ ነው። እኛ ግን ለአንባቢዎቻችን አንመክረውም። በአውሮፓ ገበያ ከሚሸጡት ማሽኖች የብዙዎቹ ዘንግ ሆን ተብሎ ያጠረ ስለሆነ ድርድሩን አይሸከምም፤ በዚያም ላይ ከዲስኩ በስተኋላ የሚቆመውን ከፋይ ብረት ለመንቀል ያስገድዳል። በአንድ ዲስክ ሲሠራ ከፋዩ ብረት ከዲስኩ አናት ዝቅ ብሎ በቦታው ሊቆይ ይችላል፤ እንጨቱ ተጣብቆ ወደ ሠራተኛው እንዳይወረወር የሚከላከለውም እርሱ ነው። ሁለት ጊዜ መቁረጥ ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ።

ከዚህ የሚብስ ድፍረትም ስላለ በግልጽ እንናገር። ክብ የእንጨት ምላጭ በብረት መቁረጫ ግራይንደር ላይ አስሮ መቁረጥ ፈጽሞ አይገባም። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል፤ ብዙ የእንጨት ዲስኮች የተፈቀደላቸው ፍጥነት ከዚህ በታች ሲሆን ቁጥሩም በላያቸው ተጽፏል። ጥርሱ እንጨቱን ሲነክስ መሣሪያው ከእጅ አምልጦ ወደ ጭንና ወደ አንገት ይዘላል። ከግዳጅ በደኅና የተመለሰ ሰው በጓሮው ጣቱን ቢያጣ ለቤተሰቡ ምን ይባላል?

ማሽን የሌለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ። ለእጅ ሥራ ጀርባው ብረት የለበሰ፣ በአንድ ኢንች 14 ያህል ጥርስ ያለው፣ ጥርሱም ለመሰንጠቅ የተሞረደ አጭር መጋዝ ይፈለጋል፤ ጣቶቹ የሚቆረጡት በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ ነውና። ጥርሱ የጠቆረው ተራው የሱቅ መጋዝ በእሳት የጠነከረ ስለሆነ ሞረድ አይነካውም፤ ሲደንዝ ይጣላል። ለዚህ ሥራም ጥርሱ ግዙፍ ነው። በእጅ የሚሠራ ሰው ጣቱን 12 ሚሊ ሜትር ቢያደርገው ቁጥሩ ወደ 20 ይወርዳል። የክፍተቱን ስፋት በእጁ ባለው መሮ ልክ ቢወስን ደግሞ ወለሉን ለማስተካከል ይመቸዋል። ምልክት ማድረጉን ለባለቤት መተው ሳይሻል አይቀርም፤ ጥልፍ ስትቆጥር የኖረች ዓይን በአርባ መስመር መካከል አትሳሳትም። በመካከላችን ይህን የሚክድ ባል ካለ ስኳድራውን ይዞ ይሞክረው።

በማሽንም ሆነ በእጅ ሲቆረጥ ከጣውላው በስተጀርባ ሌላ ቁራጭ እንጨት አጥብቆ መደገፍ ያስፈልጋል፤ ጠፍጣፋ ጥርስ በሚወጣበት ወገን ፋቅ አድርጎ ይነቅላልና። በስለታም ቢላዋ አስቀድሞ መስመሩን መጫርም ይረዳል።

ስለ እንጨቱ ጥቂት እንበል። ጅቡቲ ለጣውላ የሚሆን ደን የላትም ማለት ይቻላል፤ በጎዳ ተራራ ያለው የዳይ ደን ጽድ አብዛኛው ደርቋል፤ የቀረውም ለመጋዝ የሚታሰብ አይደለም። የሚገኘው ከባሕር ማዶ ወይም ከደጋው የሚመጣ ጣውላ፣ አለዚያም ከወደብ የሚወጣ የማሸጊያ እንጨት ነው። በማሸጊያው ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት የስንዴ ዘለላ ምስል ያለበት ማኅተም ይገኛል። በማኅተሙ ላይ «ኤች ቲ» የሚል ካለ እንጨቱ መሀሉ ድረስ 56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ እንዲያገኝ ተደርጓል ማለት ነው፤ ሊሠራበት ይችላል። «ኤም ቢ» የሚል ከሆነ ግን ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛም ጋዝ ታጥኗል፤ ለዳቦና ለበርበሬ ሳጥን፣ ለሕፃናት ልብስም አይሁን። ማኅተም የሌለውንም ለምግብ አናምነውም። ደግሞም ከማሸጊያ እንጨት ሚስማሩን አንድ በአንድ ሳይነቅሉ መጋዝ ማስገባት ምላጩን መስበር ነው፤ የካርባይድ ጥርስ ጠንካራ ቢሆንም እንደ ብርጭቆ ይሸረፋል።

የባሕሩ እርጥበት ሌላ ጉዳይ ነው። እንጨት ወደ ጎኑ ያብጣል፤ ጣቶቹም የተሰለፉት በዚያው አቅጣጫ ነው። ዛሬ የቆረጡትን ሳምንት አሳድረው ልግጠም ቢሉ አልገባ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ቆርጦ በዚያው ዕለት መግጠም ነው። አንዴ ከተገጠመ በኋላ ግን አራቱም ጎን ከአንድ ዓይነት እንጨት ከሆነ አብረው ስለሚያብጡና አብረው ስለሚጨማደዱ ማዕዘኑን አያስጨንቁትም። ነጩ ኮላ በሰኔና በሐምሌ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ቶሎ ቆዳ ያወጣል። አርባውን ጣት ቀብቶ ለመጨረስ ፀሐይ ሳትበረታ፣ በማለዳ፣ ሁለት ሰው ሆኖ፣ አንዱ ሲቀባ አንዱ እየገጠመ መሥራት ይሻላል።

ሥራው ሲያልቅ ምላጩን ከሰጋቱራውና ከእንጨቱ ሙጫ አጽድታችሁ በቀጭኑ ዘይት ቀቡት፤ ጨዋማው አየር በጥቂት ቀን ያዝገዋል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሕፃናት በማይደርሱበት ከፍ ባለ ቦታ ስቀሉት። በሚመጣው ሳምንት ወደ ክዳኑ ማጠፊያና ወደ መቆለፊያው እንመለሳለን።