የምርኩዝ ዋጋ

ለንደን ውስጥ ከአንድ ባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማስረጃ ይዘዋል?» እንግዲህ ማስረጃ መጠየቅን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ዛሬ ብዕሬን ያስነሣኝ ማስረጃን ሸቀጥ ያደረገ ደንብ ነው።

ታናሽ እኅቴ ዩኒቨርሲቲ በገባች በመጀመሪያው መንፈቅ አንዲት መምህርት ለብቻዋ ጠርታ አነጋገረቻት። «ስትናገር የምሰማት ተማሪና ስትጽፍ የማነባት ተማሪ አንድ አይመስሉኝም» አለቻት። ዲስሌክሲያ ሊሆን ይችላልና ተመርመሪ ስትልም መከረቻት፤ የማስተዋል ጉድለት ሳይኖር ፊደልን ከድምፅ ማዛመድና አቀላጥፎ ማንበብ የሚያዳግትበት እክል ማለት ነው። እኅቴ ወደዚህ አገር የመጣችው በ11 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ንባብ ሲከብዳት «እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ነው፤ ቀስ በቀስ ይለቃታል» ተባለ። ፊደል የቆጠረችበትን አማርኛም እየተደናቀፈች ታነብ እንደነበር የጠየቀ አልነበረም። በእኛ ቤትስ? በእኛ ቤት ስሙ ስንፍና ነበር። መጽሐፍ ወዳድ ነኝ እያልሁ የምመጻደቀው እኔ፣ ከሁሉ አብልጬ የገሠጽኋት እኔው ነበርሁ።

እንግሊዝ ውስጥ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጎማ የሚባል ነገር አለ፤ ዲስሌክሲያንም ያካትታል። ብድር ስላልሆነ አይመለስም፤ የወላጅን ገቢም አይመረምርም። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌርና በጥናት የሚያግዝ ባለሙያ ሊያስገኝ ይችላል። መልካም ሐሳብ ነው፤ ያሰቡትን ያመሰግኗል። ዳሩ ግን ዲስሌክሲያ ያለባት ተማሪ ወደዚህ ድጎማ የምትገባው የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ለዚሁ ሥራ የምስክር ወረቀት ያለው ልዩ መምህር የጻፈውን የምርመራ ሪፖርት ይዛ ነው። የምርመራውን ዋጋ ድጎማው አይከፍልም። በመንግሥት ሐኪም ቤትም በአብዛኛው አይመረመርም። እኅቴ የተጠየቀችው 600 ፓውንድ ነበር።

ሒሳብ ሥራዬ ነውና አብረን እናስላው። ድጎማው የወላጅ ገቢ አይጠይቅም፤ ደጃፉ ግን ይጠይቃል። ያለው ቤተሰብ ከፍሎ ያስመረምራል፤ ወረቀቱን ይዞ ይገባል፤ ከገባ በኋላ በነጻ ይረዳል። የሌለው ከውጭ ይቀራል፤ የቀረውም ያልተቸገረ ተብሎ ይቆጠራል። ሌላ ሕመም ያለበት ተማሪ የሐኪሙን ደብዳቤ አያይዞ ያልፋል። ማመልከቻው ከተፈቀደ በኋላ ተማሪዋ ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሚያስፈልጋት የሚለይ ሁለተኛ ግምገማ አለ፤ የእርሱን ዋጋ ድጎማው ይሸፍናል። የውስጡን በር ቁልፍ በነጻ እያደሉ የውጭውን መሸጥ ምን ይባላል?

«የሕዝብ ገንዘብ ያለ ማስረጃ አይበተንም» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ እስማማለሁ። ነገር ግን አንዲት ደንበኛ የገዛ ገንዘባቸውን ሊያወጡ ወደ መስኮቴ ቢመጡና «መጀመሪያ የእርስዎ መሆኑን የሚመሰክር ሰው በ600 ፓውንድ ይቅጠሩ» ብላቸው፣ እኔን ጥንቁቅ ሠራተኛ የሚለኝ ማን ነው? «አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ከፊሉን ወይም ሙሉውን ይከፍላሉ» የሚልም አለ። ይኸም እውነት ነው። ሆኖም በአንዱ ግቢ የሚገኝ፣ በሌላው ግቢ የማይገኝ ነገር ዕድል እንጂ መብት አይባልም።

ደንቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ 16 ዓመት ሳይሞላ የተደረገ ምርመራ ለድጎማው አይበቃም ነበር። ዲስሌክሲያ ከሰው ጋር ተወልዶ ከሰው ጋር የሚያረጅ ሆኖ ሳለ፣ በልጅነቱ የተመረመረው ሁሉ እንደገና ከፍሎ እንዲመረመር ይገደድ ነበር። በዚያ ዓመት ይህ ቀረ። የመጀመሪያው ምርመራ ዋጋም ቢቀር የሚፈርስ ግንብ የለም።

አሁን ወደ ራሳችን፣ ሥነ ጽሑፍ ወዳድ ነን ወደምንለው ልመለስ። በ1896 እ.ኤ.አ. አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በሕክምና መጽሔት ጽፎ ነበር። ልጁ ብሩህ ነው፤ ማንበብ ግን እምቢ አለው። መምህሩ የሰጠው ምስክርነት፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ ልቆ ይገኝ ነበር የሚል ነው። ይህን ሳነብ የቅኔ ቤታችን ትዝ አለኝ። የቆሎ ተማሪው ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፤ ከመምህሩ ፊት ቆሞ በቃሉ ይነግራል። ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ወንበር ዘርግተው ያስተማሩት በዚያ ቤት ነው። ማንበብና ማወቅ አንድ ነገር እንዳልሆኑ አባቶቻችን ያውቁ ነበር። እኛ ግን መጽሐፍ በእጃችን በገባ ማግስት ረሳነው፤ ፊደል የሚያምሰውን ልጅ «ደደብ» አልነው።

የእኅቴን ምርመራ ከቁጠባዬ ከፈልሁ። ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ፈጀ። ሪፖርቱ ሲመጣ ከ20 ገጽ በላይ፣ በደቃቅ ፊደል የታተመ ነበር፤ ማንበብ እንደሚያዳግታት የሚመሰክር ወረቀት! «ጋሼ፣ አንተ አንብብልኝ» አለችኝ። አነበብሁላት። ስጨርስ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ሰነፍ አልነበርኩም ማለት ነው» አለች። ምን ልመልስላት? የእኔን ግጥሞች በወረቀት አንብባቸው አታውቅም፤ እኔ ጮክ ብዬ ሳነብ ሰምታ ግን አብዛኞቹን በቃሏ ትላቸዋለች።

እኔ ከፈልሁ፤ ወንድሙ መክፈል የማይችለውስ? መንግሥት የሁለተኛውን ግምገማ እንደሚከፍል ሁሉ የመጀመሪያውንም ይክፈል። እኛም ልጆቻችንን ከመገሠጻችን በፊት እናድምጣቸው። እስከዚያው ይህቺን ለደንብ አውጪዎቹ ትቼአለሁ፦

እግሩ ለደከመ፣ ምርኩዙን ይዛችሁ፣
ሮጠህ ካልደረስህ፣ አንሰጥም አላችሁ።