ሸክላዎቹን ከመሸጣችሁ በፊት

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ መልእክት ላከልኝ። «የአባቴን ሸክላዎች በሙሉ ኮምፒውተር ላይ ቀድቼ ጨርሻለሁ፤ ሸክላዎቹን የሚገዛ ሰው ታውቃለህ?» ይላል። እንኳን ደስ አለህ ከማለቴ በፊት «በምን አስቀመጥከው?» ብዬ ጠየቅሁት። «በኤምፒ ስሪ ነዋ፤ ጭርጭርታውንም አጥፍቼዋለሁ» አለኝ። ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት ያን ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ያው ስህተት የእኔም ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴ የሟች አጎቴን ሸክላዎች አስረከበችኝ። አርባ ያህል ይሆናሉ፤ አብዛኞቹ በ45 ዙር የሚጫወቱት፣ በየገጻቸው አንድ አንድ ዘፈን ያላቸው ትንንሾቹ ናቸው። ከሰው ላይ የዩኤስቢ ማጫወቻ ተዋስኩ። ሥራው ቀላል ነው። ማጫወቻውን ከላፕቶፑ ጋር በገመድ ታገናኛላችሁ፤ ኦዳሲቲ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍታችሁ መቅጃውን ትጫኑና መርፌውን ታሳርፋላችሁ። ዘፈኑ በሚፈጅበት ሰዓት ልክ ይቀዳል። በሁለት ቅዳሜና እሁድ ጨረስኩት።

ከዚያ «ላሳምረው» አልኩ። ጭርጭርታውን በኖይዝ ማጥፊያው ድምጥማጡን አጠፋሁት። ቦታ እንዳይበላብኝ ሁሉንም በኤምፒ ስሪ አስቀምጬ ጥሬውን ቅጂ ሰረዝኩ። ለአክስቴም «ከእንግዲህ አያስፈልጉም» አልኳትና ሸክላዎቹን ለአንድ ነጋዴ ሸጠቻቸው። ገንዘቡ ያስፈልጋት ነበር።

በበዓል ቀን ዘፈኖቹን ስከፍትላት ትንሽ ካዳመጠች በኋላ «ድራም መቺው የት ሄደ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሲምባሉ ጩኸትና የሸክላው ጭርታ የሚገኙት በአንድ የድምፅ ክልል ስለሆነ ፕሮግራሙ አንዱን ሲጠርግ ሌላውንም ይዞት ይሄዳል። የዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ» እንኳ ጥርሱን እንደተነቀለ ሰው ሆኖ ነበር። ወደ ጥሬው ልመለስ ብል ጥሬው የለም፤ እንደገና ልቅዳው ብል ሸክላው የለም።

«ምን ችግር አለው? ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ» የምትሉ ትኖራላችሁ። ሁሉም የለም። የእኛ የሸክላ ዘመን አጭር ነበር። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር በነበረበት ጊዜ፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን ደፍሮ አምሃ ሬከርድስን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1975 ከአገር እስኪወጣ ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችና ደርዘን ያህል ትልልቆችን አወጣ። እዚህ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂው ተልኮ ሸክላው በሕንድ፣ በኋላም በሊባኖስ ተመርቶ ይመጣ ነበር። የዓሊ ታንጎ ካይፋ ሬከርድስና ፊሊፕስም ነበሩ። ከዚያ ካሴት መጣና ሸክላው ቀረ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተሰኙት ተከታታይ ሲዲዎች ብዙውን ለዓለም አሰምቶልናል፤ ምስጋና ይገባዋል። ያ ግን የአንድ ሰው ምርጫ ነው። እሱ ያልመረጠው፣ በተለይ ማንም ገልብጦ የማያጫውተው የሸክላው ጀርባ፣ በየቤቱ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

ስለዚህ ቅዱ፤ ግን እንደ እኔ አትቅዱ። መጀመሪያ ሸክላውን በለስላሳ ጨርቅና በተጣራ ውሃ አጽዱት፤ ከምታጠፉት ጭርጭርታ ብዙው ቆሻሻ ነው። (የጥንቶቹ ባለ 78 ዙር ሸክላዎች ካሏችሁ አልኮል እንዳታስነኳቸው፣ ይሟሟሉ። ሰፋ ያለ የራሳቸው መርፌም ይፈልጋሉ።) ድምፁ ቀዩን መስመር እንዳይነካ መጠኑን ዝቅ አድርጋችሁ ቅዱ፤ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ አይጠገንም። በዌቭ ወይም በፍላክ አስቀምጡት። በተለመደው የሲዲ ጥራት፣ በ44.1 ኪሎኸርዝና በ16 ቢት፣ ዌቭ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። አንድ የአራት ደቂቃ ዘፈን 40 ሜጋባይት ማለት ነው፤ ስልካችሁ ላይ ካለው የሠርግ ቪዲዮ አይበልጥም። ማሳመር ካማራችሁ ቅጂውን አሳምሩ፣ ጥሬውን አትንኩ። ርካሾቹ ማጫወቻዎች ክንዳቸው ከባድ ስለሆነ ሸክላውን ይበላሉ። አንድ ጊዜ ጥሩ አድርጎ መቅዳት አሥር ጊዜ ከመሞከር ይሻላል።

ከድምፁ እኩል የማየው ነገር ቢኖር መሃል ላይ የተለጠፈችው ክብ ወረቀት ናት። የዘፋኙ ስም፣ የባንዱ ስም፣ የአሳታሚው ተራ ቁጥር ያለው እዚያ ነው። ሁለቱንም ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ሽፋኑም ካለ ጨምሩ። ዛሬ በየቻናሉ የሚዞሩት ዘፈኖች «ምርጥ የድሮ ሙዚቃ 17» ተብለው ነው። ጊታር የመታው ማን ነው? ያቀናበረው ማን ነው? ማንም አይጠይቅም። ይባስ ብሎ አንዳንዶች ዘፈኑ መሃል ላይ የቻናላቸውን ስም ያስጮሁበታል። ራሳቸው የዘፈኑት ይመስል! የግጥምና የዜማ ባለቤትነት በሕጋችን ባለቤቱ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። ለራሳችሁ መቅዳትና በሰው ዘፈን ተከታይ መሰብሰብ ለየቅል ናቸው።

ወዳጄ ሸክላዎቹን ገና አልሸጣቸውም። እሁድ እሱ ቤት ሄጄ ከመጀመሪያው እንቀዳቸዋለን፤ ቡናው በእሱ ነው። የአጎቴን ሸክላዎች የገዛውን ነጋዴ ግን ፈልጌ አጣሁት። ሱቁ የነበረበት ሰፈር ፈርሷል።