ለጋሽ ሲጠይቅ መተማ ምን ይመልሳል?

በ2009 ዓ.ም. የካቲት ወር ላይ ነው። ገንዳ ውሃ ከተማ በነበረ የአንድ አገር በቀል ግብረ ሰናይ ድርጅት ቅርንጫፍ ውስጥ የፕሮጀክት ሠራተኛ ሆኜ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ከአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤታችን በኢሜይል መጠይቅ ደረሰኝ። ገንዘቡን የሚሰጠን የውጭ ፋውንዴሽን፣ እኛ ስለ እሱ ምን እንደምናስብ ማወቅ ፈልጓል። ገንዘቡ በወቅቱ ይደርሳችኋል ወይ? ፍላጎታችሁን እንረዳለን ወይ? ችግር ሲገጥማችሁ በነፃነት ትነግሩናላችሁ ወይ? ለየጥያቄው ከ1 እስከ 5 ነጥብ መስጠት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የእኛ ሥራ ለሰሊጥና ለማሽላ አረም ከደጋው ለሚወርዱ የቀን ሠራተኞች አጎበር ማደል፣ ስለ ወባና ስለ ካላዛር ማስተማር ነው። ሠራተኛው የሚወርደው ዝናቡ ሲጀምር ነው። የዚያ ዓመት የመጀመሪያ ክፍያ የተለቀቀው ግን መስቀል ካለፈ በኋላ ነበር። ግዥው ተጫርቶ አጎበሩ ገንዳ ውሃ ሲራገፍ ኅዳር ገብቷል። ሰሊጡ ታጭዷል፤ አብዛኛው ሠራተኛ ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ ቀዬው ተመልሷል። አንዳንዱም ከገንዘቡ ጋር በሽታውን ይዞ ሄዷል።

ይህን ልጽፍ ብዬ አለቃዬን በስልክ አማከርኳቸው። «ልጄ፣ ሁሉንም አምስት በለው። ቀጣዩ ምዕራፍ ሳይፈረም ነገር አታምጣብን» አሉኝ። አምስት አልኩት። ፋውንዴሽኑም በመተማ ቆላ ያሉ አጋሮቹ እጅግ መርካታቸውን አውቆ ተደሰተ ማለት ነው።

ይህን የማነሳው ያለፈ ቂም ለመቆስቆስ አይደለም። ተረጂን ብቻ ሳይሆን ዕርዳታ አከፋፋዩን ድርጅት ጭምር መጠየቅ ዛሬ በለጋሾች ዘንድ ደንብ እየሆነ ነው። እኔም ደንቡን እደግፋለሁ። ነገር ግን ጥያቄው እስከ ጠረፍ ካልወረደ፣ መላሹም እውነቱን ቢናገር የሚጎዳ ከሆነ፣ የሚሰበሰበው አስተያየት አይደለም፤ ምስጋና ነው። ምስጋና ደግሞ አጎበርን በሰኔ አያደርስም።

በአገራችን «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚልም አለን። ተቀባይ ድርጅቶች የሚኖሩት በእነዚህ ሁለት ተረቶች መካከል ነው። ቢናገሩ ሥራቸው ይሻሻል ይሆናል። ቢናገሩ «ያጎረሰውን እጅ ነካሽ» ተብለው ውላቸው ሊቋረጥም ይችላል። ደመወዝ የሚጠብቁ ሠራተኞች ያሉበት ሥራ አስኪያጅ የትኛውን ተረት እንደሚመርጥ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው ሴንተር ፎር ኢፌክቲቭ ፊላንትሮፒ የተባለ ድርጅት ለዚሁ መላ ዘይዷል። ፋውንዴሽኑ ራሱ አይጠይቅም። ሦስተኛ ወገን ይጠይቅለታል፤ የመላሾቹን ማንነት ይሸሽጋል፤ ውጤቱንም ከሌሎች ፋውንዴሽኖች ውጤት ጋር አነጻጽሮ ያስረክባል። ንጽጽሩ ትልቅ ነገር ነው። ሁሉም ለጋሽ ከፍ ያለ ነጥብ የሚያገኝ ከሆነ፣ ነጥቡ ትርጉም የሚኖረው ከጎረቤቱ ጋር ሲተያይ ብቻ ነውና።

የታወቀው ምሳሌ የቢልና ሜሊንዳ ጌትስ ፋውንዴሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ባደረገው ውጤት፣ ከእሱ ገንዘብ የሚቀበሉ ድርጅቶች ዓላማውንና ስልቱን በቅጡ እንደማይረዱት፣ የውሳኔ አሰጣጡ እንደሚያደናግራቸው፣ ሠራተኞቹም አንድ ዓይነት መልስ እንደማይሰጧቸው ተናገሩ። በወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ጄፍ ሬይክስ ውጤቱን አልሸሸጉትም፤ ለሕዝብ አውጥተው እናሻሽላለን አሉ። ያን ያህል ገንዘብ ያለው ተቋም በአደባባይ «ተቀባዮቻችን ቅር ብሏቸዋል» ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ አገር ወቀሳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈለገው ማን እንደተናገረ ነው።

ይሁንና እዚያም ቢሆን የሚጠየቀው ገንዘቡን በቀጥታ የተቀበለው ነው። ከትልልቅ ፋውንዴሽኖች በቀጥታ የሚቀበል ድርጅት ደግሞ መተማ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ገንዘቡ ከፋውንዴሽኑ ወደ ዓለም አቀፍ መያድ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባው ድርጅት፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ገንዳ ውሃ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ኮኪት፣ ሽንፋ ወይም መተማ ዮሐንስ ይወርዳል። በየደረጃው አንድ ፊርማ፣ አንድ ሪፖርትና አንድ ፍርሃት አለ። መጠይቁ ግን ከላይ አንድ ወይም ሁለት እርከን ወርዶ ይቆማል። አጎበሩ የዘገየበትን ቦታ የሚያውቀው ሰው ከሰንሰለቱ ጫፍ ስለሆነ፣ ሳይጠየቅ ይቀራል።

የአገራችን ሕግም ለማዳመጥ አያበረታታም ነበር። አዋጅ ቁጥር 621/2001 የውጭ ገንዘብን በ10 በመቶ ከመገደቡ ሌላ፣ «70/30» እየተባለ የሚጠራውን ደንብ አምጥቶ ነበር። ድርጅቶች ከበጀታቸው ከ30 በመቶ በላይ ለአስተዳደር ማውጣት አይችሉም። ችግሩ ግን ሥልጠና፣ መጓጓዣ፣ ክትትልና ግምገማ የመሳሰሉት እንደ አስተዳደር ወጪ መቆጠራቸው ነበር። እንግዲህ ከጎንደር ተነስቶ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ወርዶ ሰው ማነጋገር እንደ ብክነት ተቆጠረ ማለት ነው። እኛም ነዳጁን ለመቆጠብ ሪፖርቱን ቢሮ ተቀምጠን እንጽፍ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን አስተካክሏል። የአስተዳደር ወጪን ጣሪያ 20 በመቶ ቢያደርገውም፣ ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር የተያያዘውን ወጪ ከዚያ አውጥቶታል። ሕጉ ተለውጧል፤ ቢሮ ተቀምጦ የመጻፍ ልማዱ ግን ብዙ ቦታ አልተለወጠም።

ከታች ያለውን ሰው አለመስማት ምን ያስከፍላል ለሚል ሰው አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ካላዛር በአገራችን ዋነኛ መናኸሪያው የሁመራና የመተማ ቆላ ነው። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው፤ ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ወረዳ ሰው በብዛት መታመም ሲጀምር፣ መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። ኋላ ግን ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎች እንደሚያምኑት ወደ አካባቢው ያመጡት ከቆላው የእርሻ ሥራ የተመለሱ ሠራተኞች ናቸው። የቆላው ወሬ በጊዜ ካልተሰማ ደጋው ድረስ ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው። በእኔ መጠይቅ ላይ «አጎበሩ በወቅቱ ደርሷል ወይ» የሚለው ሳጥን ውስጥ የተጻፈው አምስት ቁጥር ዛሬም የሚከነክነኝ ለዚህ ነው።

ሌላው ምሳሌ በቀጥታ የፋውንዴሽን ጉዳይ ባይሆንም ቦታው እዚያው ነው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ ዮሐንስ በኩል ገቡ። ኩመርና አውላላ በተባሉት መጠለያዎች የሰፈሩት ስደተኞች የታጠቁ ሰዎች እንደሚዘርፏቸው፣ እንደሚያግቷቸውና እንደሚገድሏቸው ተናገሩ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ወደ አንድ ሺሕ የሚጠጉ ሰዎች ከአውላላ ወጥተው በእግራቸው መንገድ ጀመሩ። ፖሊስ አስቆማቸውና ጫካ ዳር ሰፍረው ሰነበቱ። ሁለቱም መጠለያዎች የተዘጉት፣ ስደተኞቹም ወደ ሌላ ቦታ የተዛወሩት ከዚያ በኋላ ነው። እነዚህ ሰዎች አስተያየታቸውን በወረቀት ሳይሆን በእግራቸው ሰጡ። ሰው በቃሉ ሲናገር ለውጥ ካላየ የሚቀረው ይኸው ነው።

ለመሆኑ ሌላ መንገድ በመተማ ታይቶ አያውቅም? ታይቷል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በካናዳ መንግሥት ገንዘብ፣ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም አማካይነት የተካሄደ የግብርና ፕሮጀክት ነበር። መተማን ጨምሮ በአገሪቱ 10 ወረዳዎችን «የመማሪያ ወረዳ» ብሎ ሰይሞ ነበር። ስሙን እወደዋለሁ፤ የሚማረው ገበሬው ብቻ ሳይሆን ፕሮጀክቱም ጭምር ነው ያሰኛልና። በየወረዳው የሚኖር ባለሙያ መድቦ ነበር። ስሞታ ያለው ሰው ኢሜይል መጻፍ አላስፈለገውም፤ ቢሮው ድረስ በእግሩ መሄድ ይችል ነበር።

ይህ ጉዳይ ዛሬ የበለጠ አንገብጋቢ የሆነበት ምክንያት አለ። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በድንገት አስቆመ፤ ዩኤስኤአይዲም በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ተዘጋ። በዚያ ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ ድርጅቶች አስተያየት ሊጠየቁ ቀርቶ በቂ ማስጠንቀቂያ እንኳ አላገኙም። በአንጻሩ ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2025 አዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ተገኝተው፣ ፋውንዴሽናቸው እስከ 2045 ከሚያወጣው 200 ቢሊዮን ዶላር አብዛኛው ለአፍሪካ እንደሚውል ተናገሩ። መንግሥታት ሲሸሹ የግል ፋውንዴሽኖች ድርሻ ይጨምራል። መንግሥትን መራጩ ይጠይቀዋል። ፋውንዴሽንን የሚመርጠው ሕዝብ የለም። ስለዚህ የተቀባዮቹ አስተያየት ያለው ብቸኛ ልጓም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለጋሾችም የራሳቸው መከራከሪያ አላቸው። መጠይቅ ሲበዛ ሰው ይሰለቻል ይላሉ፤ እውነት ነው። ሁሉም ተቀባይ ተጨማሪ ገንዘብ እንጂ ሌላ አይጠይቅም ይላሉ፤ ይህም ከፊል እውነት ነው። ከጎንደር መተማ ያለው መንገድ በግጭትና በእገታ ምክንያት እንደ ልብ የማይኬድበት ጊዜ መኖሩም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ስልክ አለ። ሦስት ጥያቄ በአማርኛ፣ ከሰንሰለቱ ውጭ በሆነ ሰው፣ በስልክ መጠየቅ አንድ ቀን አይፈጅም። «ገንዘቡ ሥራው በሚፈለግበት ወር ደረሰ? ምን ሊነግሩን ፈርተው ተዉት? ባለፈው የነገሩን ነገር ተስተካከለ?» ይበቃል።

ከሦስቱ ወሳኙ የመጨረሻው ነው። ሰው ሁለተኛ ጊዜ እውነቱን የሚናገረው የመጀመሪያው እውነት ፍሬ ሲያፈራ ካየ ነው። ለጋሹ «ነግራችሁን ነበር፤ ይህን ቀይረናል፤ ይህን ግን በዚህ ምክንያት አልቻልንም» ብሎ በአንድ የእርሻ ወቅት ውስጥ ከመለሰ፣ የሚቀጥለው መጠይቅ ላይ አምስት ቁጥር ብቻ አያገኝም። ዝቅ ያለ ነጥብ ሲያገኝ ደግሞ ደስ ሊለው ይገባል፤ ታምኗል ማለት ነውና።

ራሳችንንም ሳንነካ አንለፍ። እኛ የአገር ውስጥ ድርጅቶችስ በየቀበሌው ያለውን ዕድር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ በሰሊጥ ማሳ ላይ የሚያድረውን ወጣት ስለ ራሳችን ጠይቀናል? እኔ በገንዳ ውሃ በቆየሁበት ጊዜ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ለጋሹ እኔን እንደፈራሁት፣ እነሱም እኔን ይፈሩኝ ነበር፤ አጎበር የማድለው እኔ ነበርኩና።

ክረምት ሲገባ ከደጋው የሚወርዱት ሠራተኞች በመተማ መንገድ ላይ መታየታቸው አይቀርም። የትኛውም ፋውንዴሽን ዘንድሮ ማወቅ የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር፣ አጎበሩ ከእነሱ ቀድሞ መድረሱን ነው። ያን የሚነግረው ደግሞ አዲስ አበባ የተቀመጠው ሥራ አስኪያጅ ሳይሆን፣ ገንዳ ውሃ ላይ መኪናውን የሚያራግፈው ሰው ነው። ስልኩ ይደወልለት።