ሞቷል የተባለው አይፖድ

አፕል እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 የመጨረሻውን አይፖድ ማምረት እንዳቆመ ሲያስታውቅ ዜናው በየአገሩ የተነገረው እንደ መርዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2001 ተወልዶ፣ ሺህ ዘፈን በኪስ አስይዞ፣ ሃያ ዓመት ኖሮ አረፈ ተባለ። መርዶው ሲነገር ሟቹ በብዙ ሰው ኪስ ውስጥ እየዘፈነ ነበር። የቆመው ሽያጩ ነው። የሽያጭ መቆምን ከዕቃ ሞት ጋር አንድ አድርገን የማየት ልማዳችን ነው እንግዲህ እዚህ የሚያጣላኝ።

ልማዱ እንዲህ ይላል፦ አምራቹ «ከእንግዲህ አልደግፈውም» ካለ ዕቃው አብቅቶለታል፤ ባለቤቱ መሳቢያ ውስጥ ይጣለው፣ አለዚያም አዲስ ይግዛ። ከእሱ ጋር ተጣብቆ የሚሄድ ሌላ እምነትም አለ፦ በዕቃው ውስጥ ተጭኖ የመጣውን ሶፍትዌር፣ ፈርምዌር የሚባለውን ማለት ነው፣ መለወጥ የባለቤቱ ሥራ አይደለም፤ የነካው ሰው ወይ ዕቃውን ያበላሻል ወይ የሰው ሀብት ይሰርቃል። ሁለቱም ለሻጩ የሚመቹ አባባሎች ናቸው። እኛ ግን ከሻጩ አፍ እንደወጡ ረስተን እንደ ተፈጥሮ ሕግ እንደግማቸዋለን።

የሚያፈርሳቸው ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ዓይናችን ሥር ኖሯል። አርኮስ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ አይፖድ ከመምጣቱ በፊት ባለ 6 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ የሙዚቃ ማጫወቻ ያመርት ነበር። ዕቃው መልካም፣ ሶፍትዌሩ እንከን የበዛበት። እ.ኤ.አ. በ2001 መገባደጃ ላይ ቢዮርን ስቴንበርግ፣ ሊኑስ ኒልሰን ፌልትዚንግና ዳንኤል ስቴንበርግ የተባሉ ስዊድናውያን ፕሮግራመሮች ኩባንያውን ደጅ ከመጥናት ይልቅ ሌላ ሶፍትዌር ራሳቸው ይጽፉለት ጀመር። ስሙን ሮክቦክስ አሉት። የኩባንያው ኮድ አልተሰጣቸውም፤ የማሽኑ ራም 2 ሜጋባይት ብቻ ነበር። (ሥራ የፈታ ልጅ የቀለደበት ነገር ነው የሚል ካለ፣ ዳንኤል ስቴንበርግ ዛሬ ከስልክ እስከ መኪና ስፍር ቁጥር በሌለው ዕቃ ውስጥ የሚገኘውን ከርል የተባለ ፕሮግራም የፈጠረው ሰው ነው።) ሥራው ለማንም በነጻ የተለቀቀ ስለሆነ ሌሎች ተቀብለው ወደ ሌሎች ማጫወቻዎች፣ ወደ አይሪቨር፣ ወደ አይፖድ፣ ወደ ሳንዲስክ ሳንሳ ወሰዱት። አራተኛው ዐቢይ እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። በ2005 የተሸጠው ባለ ቪዲዮ አይፖድ አምራቹ ከረሳው ከዘመናት በኋላ አዲስ ሶፍትዌር አገኘ ማለት ነው። ሞተ ያሉን ይህንን ነው።

ስለ ሮክቦክስ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ጌጡ ነው፤ መልኩን እንደ ልብ ስለ መቀየር፣ ስለ ኢኳላይዘሩ፣ ዱም የተባለውን የጥንት ጌም በአይፖድ ስለ መጫወት። ለእኔ ቁም ነገሩ ፎልደር ነው። የአፕል ሶፍትዌር ያስገባችሁትን ዘፈን በተደበቁ ፎልደሮች ይበታትነዋል፤ የፋይሉንም ስም ትርጉም በሌላቸው አራት ፊደላት ይተካዋል። የትኛው ፋይል የማን ዘፈን እንደሆነ የሚያውቀው የማሽኑ መዝገብ ብቻ ነው። ማስገቢያው አይቲዩንስ የተባለው የአፕል ፕሮግራም ነው፤ ከራሱ መደብር የተገዛ ካልሆነ በቀር ደግሞ ዘፈኑን ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልሶ አያወጣላችሁም። ኮምፒውተሩ የተበላሸበት ሰው ስብስቡ በሙሉ እጁ ላይ ባለው አይፖድ ውስጥ እያለ ስብስቡን እንዳጣ ይቆጠራል። ሮክቦክስ አይፖዱን እንደ ማንኛውም ዲስክ ነው የሚያየው። ፎልደሩን ገልብጣችሁ ታስገባላችሁ፣ ስትፈልጉ ገልብጣችሁ ታወጣላችሁ፤ ስሙም እናንተ ያወጣችሁለት ስም ነው።

አማርኛ ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የብዙ ቤት ስብስብ ከካሴት የተገለበጠ ነው። የካሴቱ አንድ ገጽ ሳይቆራረጥ አንድ ረጅም ፋይል ሆኗል፤ የዘፋኙ ስም የተጻፈው በፎልደሩ ላይ ነው፤ ፎልደሩም «የሠርግ»፣ «ትዝታ»፣ «የአባባ መዝሙሮች» ይላል። ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን የሚጭኑልን ሱቆችም በዚሁ ሥርዓት ነው የኖሩት። የዘፋኝና የአልበም ስም በየፋይሉ ሆድ ተጽፎ ይመጣል ብሎ የተነሣ ማውጫ እንዲህ ያለውን ስብስብ የት እንደሚያስቀምጠው አያውቅም። የፊደሉም ጉዳይ አለ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ በአምራቹ ሶፍትዌር ላይ ግን የሚታየው አምራቹ የመረጠው ፊደል ብቻ ነው፤ ባለቤቱ የጎደለውን የሚጨምርበት በር አልተተወለትም። በሮክቦክስ የኛን ፊደል የያዘ ፎንት አዘጋጅቶ መጫን ይቻላል። ገበያችን ትንሽ ስለሆነ ማንም ኩባንያ ላያስበው የሚችለውን ነገር አንድ የቸገረው ሰው በአንድ ቅዳሜ ይሠራዋል። ዓይነ ስውራን አድማጮችም ይህን ቀድመው አውቀውታል፤ ሮክቦክስ ሜኑውን በድምፅ ማንበብ የጀመረው አፕል ለአይፖድ ተመሳሳይ ነገር ከማሰቡ ዓመታት በፊት ነው።

አሁን ወደ ተቃራኒው እንሂድ፤ ባለቤቱ እጁን ሰብስቦ አምራቹን ብቻ ሲያምን ምን እንደሚገጥመው። እ.ኤ.አ. 2008 ባለ 366 ቀን ዓመት ነበር። ዲሴምበር 31 ቀን ዙን የተባለው ባለ 30 ጊጋባይት የማይክሮሶፍት ማጫወቻ ባለበት ሁሉ ደረቀ። ሰዓቱን የሚቆጣጠረው ኮድ 366ኛው ቀን ላይ ሲደርስ መውጫ የሌለው ዙር ውስጥ ገብቶ ይሽከረከር ነበር። (ጳጉሜን አንዳንዴ ስድስት እንደምትሆን የሚያውቅ ልጅ ኮዱን ቢያየው ኖሮ!) ኩባንያው የሰጠው መፍትሔ ባትሪው እስኪያልቅ ጠብቁ፣ በማግስቱ ቻርጅ አድርጋችሁ አብሩት የሚል ነበር። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ሰው የአዲስ ዓመት ዋዜማን በዝምታ ከማሳለፍ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። የሚገርመው፣ ያ ዙን የተሠራው በቶሺባ ጊጋቢት ኤስ ላይ ተመሥርቶ ነው። ለጊጋቢቱ ሮክቦክስ ተሠርቶለታል፤ ለዙን ግን አልተሠራም። ሁለት ወንድማማች ማሽኖች፣ አንዱ ለባለቤቱ የተከፈተ፣ አንዱ እንደተዘጋ የቀረ።

ያ የጥንት ታሪክ ነው ለሚል ቅርቡን ልጥቀስ። ስፖቲፋይ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ካር ቲንግ የሚባል የመኪና ማጫወቻ መቆጣጠሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ በ90 ዶላር ገደማ ይሸጥ ጀመር። በዚያው ዓመት ማምረቱን አቆመ። በ2024 ደግሞ ዕቃው ከዲሴምበር 9 ጀምሮ ጨርሶ አይሠራም ብሎ አስታወቀ፤ ባለቤቶቹንም በየአካባቢያችሁ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ መሠረት አስወግዱት አላቸው። ስክሪኑ አልተሰበረም፣ ቁልፉ አልላላም። ጩኸት ሲበዛበት ደረሰኝ ላላቸው ገንዘብ እመልሳለሁ አለ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ዕቃ በአንድ ውሳኔ ሬሳ ሲሆን የሃያ ዓመቱ አይፖድ ይዘፍናል። ልዩነቱ የዕድሜ ነው ብሎ የሚከራከር ይምጣና ያስረዳኝ።

«ግን እኮ አደገኛ ነው» ይባላል። እስቲ በአይፖዱ እንየው። ሮክቦክስ የሚቀመጠው በራሱ ፎልደር ነው፤ የአፕሉ ሶፍትዌር ከጎኑ እንዳለ ይቆያል፤ የመቆለፊያዋን ቁልፍ ገፋ አድርጎ ማስነሣት ወደ ድሮው ይመልሳል። አንዳች ነገር ቢሳሳት እንኳ ማሽኑን እንደ ዲስክ ብቻ የሚያስነሣው ክፍል በተለየ ቺፕ ውስጥ ስለሆነ አይነካም። በማክ ኮምፒውተር የተዘጋጀ አይፖድ ከሆነ ብቻ ሮክቦክስ የማክን የዲስክ አቀማመጥ ስለማያነብ አስቀድሞ በዊንዶውስ አቀማመጥ መታደስ አለበት፤ ያኔ በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ይህን ሳያነብ የሚጀምር ሰው ያለቅሳል፤ እውነት ነው። የደኅንነት ማሻሻያ ይቀርበታል የሚለው ክርክር ግን ዋይፋይ በሌለው ማሽን ላይ ሲነሣ ያስቃል። በየመንደሩ ባሉ የስልክ ጥገና ሱቆች «ሶፍትዌር ጫንልኝ» ብለን ስልካችንን ለማናውቀው ልጅ አስረክበን ማኪያቶ የምንጠጣ ሰዎች፣ የገዛ አይፖዳችንን በገዛ እጃችን መንካት ድፍረት የሚመስለን ለምንድን ነው?

የሌብነቱ ክስ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሪልኔትወርክስ የተባለው ኩባንያ ከራሱ መደብር የተሸጠ ዘፈን በአይፖድ እንዲጫወት የሚያደርግ ዘዴ ሲያወጣ፣ አፕል የሰርጎ ገቦች ምግባር ነው ብሎ ወቀሰው፤ ብዙም ሳይቆይ በአይፖድ ማሻሻያ ዘዴውን አከሸፈበት። ማሻሻያ የሚባለው ሁሉ ለባለቤቱ ሲባል የሚመጣ አይደለም። ሮክቦክስ ደግሞ አፕል እስከ 2009 ድረስ ቆልፎ ይሸጣቸው የነበሩትን ዘፈኖች አያጫውትም፤ ቁልፋቸውን አይሰብርም። ለስርቆት የተሠራ ቢሆን መጀመሪያ እነሱን በከፈተ ነበር። በኋላ የዘፈኑን ቁልፍ ያነሣው ራሱ አፕል ነው፤ ሰማይም አልተደፋም።

ከሮክቦክስ ወዳጆችም ጋር ትንሽ ጠብ አለኝ። አሮጌ አይፖድ ሮክቦክስ ሲጫንበት ድምፁ ይጠራል፣ ይሰፋል፣ ነፍስ ይዘራል የሚሉ አሉ። አይሆንም። ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ቺፕ ያው ነው፤ ሶፍትዌሩ ቺፕ አይለውጥም። ኢኳላይዘሩን ሲነካኩ የተለየ ነገር መስማት ሌላ፣ ተአምር ማየት ሌላ። እንዲህ ያለው ወሬ የሚጠቅመው አሮጌ ማሽን ሰብስቦ እንደ ቅርስ በሦስት እጥፍ ለሚሸጥ ነጋዴ ነው። በአንዳንድ አይፖዶች ላይ ሮክቦክስ ለረጅም ጊዜ ከአፕሉ ሶፍትዌር የበለጠ ባትሪ ይበላ እንደነበርም እነዚሁ ወዳጆች ሲናገሩ አይሰማም። መልካም ነገር በውሸት ሲሟገቱለት ተቃዋሚው ውሸቱን ይዞ መልካሙንም ያጣጥለዋል። ለዚህ ብላችሁ አሮጌ ዕቃ አትግዙ፤ መሳቢያችሁ ውስጥ ያለውን ግን አትጣሉት። ባትሪው ይለወጣል፤ በባለ ዲስኮቹ ላይ የደከመው ሃርድ ዲስክ ወጥቶ በማገናኛ ሚሞሪ ካርድ ይገባበታል።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ የሚባክነው የሰው አእምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ገደማ አንድ ጀርመናዊ ተማሪ በአራተኛው ትውልድ አይፖድ ውስጥ የተደበቀውን ማስነሻ ኮድ ለማውጣት ሌላ መንገድ አጥቶ፣ ማሽኑ ራሱ ኮዱን በቁልፎቹ የጠቅ ጠቅ ድምፅ እንዲናገር አደረገው፤ ድምፁን ቀድቶ መልሶ ወደ ኮድ ፈታው። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሁለተኛው ትውልድ አይፖድ ናኖ ሶፍትዌሩ በምስጢር ቁልፍ ተመስጥሮ መጣ፤ እሱንም ሰዎች በማስታወሻ ማንበቢያው ውስጥ ስንጥቅ ፈልገው ገቡበት። ሲያነቡት ያስደንቃል። ግን ምን ለማግኘት? ዋጋውን ከፍለው የወሰዱት ዕቃ ውስጥ ለመግባት። ቤት ሸጦ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ያስቀረ ሻጭ ብናይ ዳኛ እንጠራበታለን፤ እዚህ ላይ ግን የምንወቅሰው በመስኮት የገባውን ገዢ ነው።

በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ ተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ባትሪያቸው በተጠቃሚው እጅ የሚለወጥ እንዲሆን የሚያዝ ደንብ አለ። በ2003 ናይስታት የተባሉ ወንድማማቾች በኒው ዮርክ የአይፖድ ማስታወቂያዎች ላይ ባትሪው የማይለወጥና 18 ወር ብቻ የሚቆይ ነው የሚል ጽሑፍ እያተሙ ይዞሩ ነበር፤ የያኔው አቤቱታ አሁን ደንብ ሆኗል። የሶፍትዌሩም ተራ እንዲሁ መምጣት አለበት። የምጠይቀው አምራቹ ለዘላለም እንዲያድስልን አይደለም፤ እሱ አይቻልም። «አበቃ» ባለበት ቀን የማስነሻውን ቁልፍ ይልቀቅ፣ የማሽኑን የቴክኒክ ሰነድ ያውጣ፣ ከዚያ ወዲያ ዞር ይበል። የንግድ ምስጢር ነው የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ከገበያ በወጣው አይፖድ ክላሲክ ውስጥ ዛሬ ከተፎካካሪ የሚደበቀው ምስጢር የትኛው እንደሆነ ስሙን ጠርቶ ይንገረን።